ክቡር ድምፃዊ ጀርባ የሰጡ ዕለት

ባንድ ባለበት ሁሉ አንድ ድምፃዊ አለ፤ ድምፃዊ ባለበት ሁሉ ደግሞ ሌላ ሰው የለም። ጊታር የሚመታው፣ ከበሮ የሚደበድበው፣ ሽቦ ሲጎትት ወገቡ የሚቆረጠው ሁሉ ለእሱ የመድረክ ዕቃ ነው። ይህን ሰው ለማወቅ ሙዚቃ መውደድ አያስፈልግም። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ «እኔ እንኳ ባጭሩ» ብሎ አርባ ደቂቃ የሚናገረው እሱ ነው። ሠርግ ላይ ከሙሽራው ቀድሞ ፎቶ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ ሟች በሕይወት ሳለ ምን ብሎ ያደንቀው እንደነበር የሚተርከውም እሱ ነው። የሌላ ሰው ቀብር እንኳ ሕዝብ ከበዛበት ትንሽ ይቀናል።

እኔ የዚህን ዝርያ አውራ አስራ ስድስት ቀን ሙሉ፣ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጬ አጥንቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ሰባት ወር ሠርቻለሁ። ሥራዬ የአንባቢያን ደብዳቤ መክፈት፣ ፊደል መልቀምና የኮከብ ቆጠራ ጸሐፊው ሲያመው የሰውን ዕድል መፈብረክ ነበር። አንድ ጠዋት ዋና አዘጋጁ ጠራኝ።

«የሙዚቃ ጋዜጠኛችን ከደረጃ ላይ ወድቆ እግሩን ሰብሯል» አለኝ። «ባንዱ ነገ ይነሳል። አስራ አንድ ከተማ። ወይ አንቺን ልልክ ነው፣ ወይ ዘበኛውን።»

«ዘበኛው ምን አለ?»

«ሚስቴ አትፈቅድም አለ።»

ለታላቁ ጋዜጠኝነት የታጨሁት በዚህ መንገድ ነው። ከቢሮው ስወጣ ከኋላዬ ጮኸ፤ «የሚያጣላ ጽሑፍ ይዘሽልኝ ነይ! አለዚያ ወደ ኮከቦችሽ!»

እማዬ ዜናውን ስነግራት ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን እላዩ ላይ ረሳችው። «አራት ጎረምሳና አንድ ሾፌር? አንቺ ልጅ፣ ጤናሽን ነው?»

«እማዬ፣ ሥራ ነው።»

«ሥራማ አባትሽም ይሠራ ነበር። ግን ሲመሽ ቤቱ ይገባ ነበር!»

ሸሚዙ ተቃጠለ፤ እኔ ግን ተፈቀደልኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ጥግ ላይ አንድ ጥቅል ጥጥ አገኘሁ። ለጆሮዬ መሆኑ ነው።

ሚኒባሱ አንድ ጋራዥ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ሦስቱ ሙዚቀኞች ላብ በላብ ሆነው ስፒከር ይጭናሉ። አራተኛው ሰው በዚያ ሐሩር ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ ሲጫን ያያል። የከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ የተለጠፈው ፊት እሱ ነው። ደነገጥኩና ምላሴ አዳለጠኝ።

«እርስዎ ነዎት ድምፃዊው?»

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ከፍርድ ቤት መጥሪያ በቀር «እርስዎ» ብሎት የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አደረገ።

«ድገሚው» አለኝ።

«እርስዎ ነዎት...»

«አዎ። እንደሱ ነው የምትጠሪኝ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱ ሆኑ። ዛሬም ስለ እሳቸው ስጽፍ «እሱ» ልል ብዬ ብዕሬ እምቢ ይለኛል፤ ልማድ ክፉ ነው።

ከዚያ ወደ ደብተሬ አመለከቱና በዚያ ጉዞ አንድ ሺህ ጊዜ የሰማሁትን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፤ «ይሄን ጻፊው።»

«የቱን?»

«ዕቃ ሲጫን አብሬ እንደነበርኩ።»

የሚኒባሱ የፊት ወንበር የክቡር ድምፃዊ ነበር። ፊት የተቀመጡት መንገድ ለማየት አይደለም። ገና ከከተማ ሳንወጣ የሾፌሩን መስታወት ወደ ራሳቸው አዞሩት። ሾፌራችን ሃምሳውን ያለፈ፣ በፍሬን፣ በጎማና በዝምታ ብቻ የሚያምን ሰው ነበር።

«ጌታው፣ መስታወቱ የኋላውን መንገድ ለማየት ነው» አለ በትዕግሥት።

«የኋላው መንገድ ምን ያደርግልሃል? የምንሄደው ወደ ፊት ነው» አሉ ፀጉራቸውን እያስተካከሉ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ጻፊው።»

ቃለ መጠይቁ አራት ቀን ፈጀ። እኔ የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «መስኮቱን ልዝጋው?» የሚል። የቀረውን ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። «ዝና አልከበደዎትም ወይ ብለሽ ጠይቂኝ» ይላሉ። አፌን ሳልከፍት «ኧረ ከባድ ጥያቄ ነው!» ብለው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እየመለሱ ሳሉ ደግሞ በራሳቸው መልስ ይነካሉ፤ ሁለት ጊዜ እንባቸው መጥቷል።

የማያውቁት ሙያ አልነበረም። ድራመሩን ከበሮ፣ ቤዝ የሚመታውን ቤዝ፣ ሾፌሩን መሪ አያያዝ ያስተምራሉ። አንድ ከተማ ላይ ጎማ ሲፈነዳብን ጎሚስታው ሥራውን እስኪጨርስ አጠገቡ ቆመው ስለ አየር ንድፈ ሐሳብ ገለጻ አደረጉለት። ጎሚስታው በመጨረሻ ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ፓምፕ ነህ እንዴ?» አላቸው። እሳቸው እንደ ሙገሳ ቆጠሩት። «ይሄን ጻፊው» አሉኝ።

ሦስተኛዋ ከተማ ላይ ምሳ ልንበላ ገባን። አስተናጋጇ ትዕዛዝ ስትቀበል ክቡር ድምፃዊን እንደ ማንኛውም ሰው አየቻቸው። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። ምንም የለም። መልሰው አደረጉት። አሁንም የለም። ከዚያ ግንባራቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ ዓመቱን ሙሉ በየታክሲው ሲዘፈን የከረመውን «አትንበርከኪ» የሚለውን ዘፈናቸውን በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩ ጀመር። ልጅቷ በርኅራኄ ጎንበስ አለች።

«ጉንፋን ነው? ሙቅ ውሃ ላምጣልህ?»

ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሙቅ ውሃውን ግን ጠጡ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጊታሪስቱ ነበር። ቀጭን፣ ጭምት፣ ጣቱ እንጂ አፉ የማይታዘዝለት ልጅ ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲነጋገር ይንተባተባል። ድምፁ ከአንገቱ አልፎ ስለማይሰማ የባንዱ ልጆች «ሹክሹክታ» ይሉታል። የባንዱን ዜማ ሁሉ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ክቡር ድምፃዊ የሚጽፉት ግጥሙን ነው። ይህን ያወቅሁት ከድራመሩ ነው፤ ከእሳቸው ቢሆን ኖሮ ጊታርን የፈለሰፉት ራሳቸው እንደሆኑ ጽፌ እመለስ ነበር።

አራተኛዋ ከተማ ላይ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጋበዘን። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ወደ ጊታሪስቱ ዞሮ «ዜማዎቹ ያንተ ናቸው ይባላል፤ እስቲ እንዴት ነው የምትደርሳቸው?» አለው። ሹክሹክታ «እ... እኔ... እ...» ብሎ ፊቱ ቀላ። ወዲያው ክቡር ድምፃዊ ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ዜማ ማለት» ብለው ጀመሩ። ዜማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስራ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ፤ ፕሮግራሙም አለቀ። ደብተሬ ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩ፤ «አፋኝ»። ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

ስንወጣ ሹክሹክታን ያዝኩት። «አልተናደድክም? አፍህን እኮ ነው የዘጋብህ!»

ሳቀ። «አ... አፌ ሲዘጋ ነው እኔ ደስ የሚለኝ» አለ። እኔ ግን የተጨቆነ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል ብዬ በልቤ አዘንኩለት። በሃያ ዓመት ሰው የማያውቀው ነገር የለም።

ሰባተኛዋ ከተማ ላይ እግዜር ፈረደ። ክቡር ድምፃዊ ከአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ ጋር ተጣሉ። ጠቡ የማን ድምፅ ከፍ ይበል የሚል ነበር፤ ባለሙያው ጊታሩም ይሰማ አለ፣ እሳቸው ለምን አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮኹበት። በማግስቱ ቁርስ ላይ እንቁላሉን ሊቆጡት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ የመሰለ አንዲት ሲጥታ ብቻ ወጣች። ደግመው ሞከሩ። ሲጥታዋም የለችም።

ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ጉሮሯቸውን በመብራት አየችና ፊቷ ኮስተር አለ። «አስር ቀን ፍጹም ዝምታ» አለች። «አንድ ዘፈን ብትዘፍን ድምፅህን እስከ ወዲያኛው ልታጣው ትችላለህ። መናገር ክልክል ነው። ሹክሹክታም ክልክል ነው።» ጊታሪስቱ የተጠራ መስሎት ከጥግ ቀና አለ።

ሚኒባሱ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ኀዘን መስለን ተቀመጥን እንጂ ሁላችንም ልባችን ይዘፍን ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮኑን አጠፋ፤ ዝምታውን በደንብ ሊያዳምጥ። ድራመሩ በሰባት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ደስታችን የቆየው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከፊት ወንበር አንድ እጅ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ደብተሬን ከጭኔ ላይ አነሳው። ብዕሬንም ወሰደው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«ከኋላ ማነው የሚያንኮራፋው?» አነበብኩ።

«ሾፌሩ ማርሽ የሚቀይረው ዘግይቶ ነው።» አነበብኩ።

«ስታነቢ ድምፅሽ ስሜት የለውም። እኔ ብሆን እንዲህ አላነበውም።» ይህንንም አነበብኩ።

ችግሩ ግን የቀልድ አልነበረም። አራት ከተማ ይቀራል። በማግስቱ ስምንተኛዋ ከተማ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ በስታዲየም ይጠብቁናል፤ ቦታው ሞልቷል ተብሏል። ማታ እዚያው ደርሰን ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ድራመሩ «ሹክሹክታ ይዝፈን» አለ። እውነቱን ነው፤ ልጁ ሲዘፍን አይንተባተብም። ጉዱ ግጥሙ ነው። ዜማ አንዴ ከሰማ አይረሳም፤ ቃል ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አይቆምለትም።

ክቡር ድምፃዊ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተጭነው ጻፉ። አነበብኩ፤ «ያለ እኔ ኮንሰርት? ያለ ፀሐይ ቀን አለ?»

«ደመናም ቀን ነው» አለ ሾፌሩ።

ድምፅ ተሰጠ። አራት ሰው ይካሄድ አለ። ክቡር ድምፃዊ ይሰረዝ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ፤ ሁለት ተብሎ ቢቆጠርላቸውም ተሸነፉ። በሩን በኃይል ዘግተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እኔ ወደ እንግዳ መቀበያው ሮጥኩና ለዋና አዘጋጁ ደወልኩ።

«ድምፁ ተዘጋ? ጭራሽ?» አለኝ። በስልኩ ውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ልጄ፣ አሁን ጋዜጠኛ ሆንሽ! ርዕሱ ይኸው፤ ‹አለቀለት›። ነገ መድረኩን ሲቀሙት ፊቱ ምን እንደሚመስል ብቻ ጻፊልኝ። ሌላው ይቅር።»

ደስ አለኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በማግስቱ ከቁርስ እስከ እኩለ ቀን የክቡር ድምፃዊ በር አልተከፈተም። ሳንኳኳ ከበሩ ስር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወጣች፤ «ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች። የምን ሥራ? ማኩረፍም ሥራ ከሆነ ብዬ ሄድኩ። ደብተሬም እሳቸው ጋር ስለነበር ከአስተናጋጁ የትዕዛዝ ወረቀትና ብዕር ለምኜ በጀርባው ላይ ርዕሱን ጻፍኩ። «አለቀለት።» የእጅ ጽሑፌ ሳይቀር አምሮ ነበር።

ስታዲየሙ ጢም ብሏል። አራት ሺህ ሰው ይሆናል። ድራመሩ ወጥቶ ድምፃዊው መታመማቸውን ሲናገር ጩኸቱ ቀለጠ። ሹክሹክታ ጊታሩን አንግቶ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። የመጀመሪያውን ዘፈን እንደምንም ተወጣው። እንዲያውም ያምር ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ ሁለተኛው አንጓ ጋ ሲደርስ፣ ዝም አለ። ጣቶቹ ይጫወታሉ፤ አፉ ተከፍቷል፤ ቃል የለም። ያንኑ ዜማ ደግሞ ዞረው። አሁንም የለም። ከኋላ ፉጨት ተጀመረ። «ውረድ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከመድረኩ በስተግራ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ጥቁር ጃኬት አየሁ። ይኸውልሽ፣ ማይክሮፎኑን ሊቀሙት ነው አልኩ። ጉሮሯቸው ቢቆረጥም የሌላ ሰው መድረክ ቆመው አያዩም። ብዕሬን አዘጋጀሁ።

ክቡር ድምፃዊ ግን ወደ መድረኩ አልሄዱም። በጎን በኩል ወርደው፣ በሕዝቡ መከለያ ብረትና በመድረኩ መካከል ወዳለው ጠባብ ቦታ ገቡ። በሁለት እጃቸው ቁመታቸውን የሚያክል የካርቶን ቁልል ታቅፈዋል። ጃኬታቸውን አውልቀው መሬት ላይ አነጠፉ። እላዩ ላይ ተንበረከኩና ፊታቸውን ወደ ሹክሹክታ፣ ጀርባቸውን ለአራት ሺህ ሰው ሰጡ። የመጀመሪያውን ካርቶን ከአናታቸው በላይ ከፍ አደረጉ። በጥቁር ማርከር፣ በትልልቅ ፊደል፣ የጠፋው ስንኝ ተጽፎበታል።

ሹክሹክታ አየው። ዘፈነ።

ካርቶን ሲጨርስ ሌላ ካርቶን። አስራ አራት ዘፈን። የሆቴሉን ዕቃ ቤት ካርቶን ሁሉ በሌሊት አራቁተው፣ በዚያች ግማሽ ቀን ክፍላቸውን ዘግተው፣ እያንዳንዷን ቃል በእጃቸው ጽፈው ነበር። በመሀል በመሀል ደግሞ የማይተዋቸው አመል አለ። «ትከሻህን ቀና አድርግ» የሚል ካርቶን ወጣ። «ሰዎቹን እይ እንጂ!» የሚል ወጣ። ስድስተኛው ዘፈን አልቆ ጭብጨባው ሲቀልጥ አንዱን ብቻውን ለይተው አነሡት፤ «ጥሩ ነው። ከእኔ ግን አይበልጥም።» ሹክሹክታ መድረክ ላይ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደ ጫማው አልመለሰም።

ሕዝቡ ማን እንደሆኑ አላወቃቸውም። ጀርባቸውን አይቶ የሚያውቅ ተመልካች ከወዴት ይምጣ? «ሰውዬ፣ ዝቅ በል!» ይሏቸዋል። «ከልለኸናል!» «ይሄ ጅል ማነው?» አንዱ ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ወርውሮ መሀል ጀርባቸውን መታቸው። የአስተናጋጇን አለማወቅ ይቅር ሳይሉ ስድስት ቀን የከረሙት ሰው ዘወር ብለው አላዩም። ካርቶኑ እንኳ አልተነቃነቀም።

እኔ የቆምኩት ከመድረኩ ጎን ስለነበር ፊታቸው ይታየኛል። መነጽሩ የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ሳያወጡ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳያሰሙ፣ አስራ አራቱንም ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ዘፈኑት።

ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሚኒባሱ የኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሱሪያቸው ጉልበት ተቀዷል። ውሃ ሰጠኋቸው። ደብተሬን ከኪሳቸው አወጡና ጻፉ፤ «ይሄን አትጻፊው።»

«ለምን?» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ ጻፉ። «ነገ ሌላ ከተማ አለ። ቃል ይረሳል ካልሽ፣ ገና ሲወጣ ጀምሮ ይስቁበታል። እንዲያውም ሰው ሲያየው አፉ ይተሳሰራል፤ ለዚህ እኮ ነው ሬዲዮ ላይ...» እዚህ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ደግ ሥራ ሲሠሩ የተያዙ ሰው መሆናቸው የገባቸው መሰለኝ፤ ደነገጡ። የጻፉትን በሙሉ ጠርገው ሰረዙና ከስሩ በትልቁ ጻፉ፤ «ጀርባዬ ነው የታየው።»

ሰባት ቀን ሙሉ የሞላሁትን ደብተር ያን ዕለት መልሼ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩባት ቃል ጋ ስደርስ ገጹን ገለበጥኩ።

በቀሩት ሦስት ከተሞችም እንዲሁ ሆነ፤ ካርቶን፣ ጃኬት፣ ጉልበት። ክቡር ድምፃዊ አልተሻሻሉም። ከእያንዳንዱ ኮንሰርት በኋላ ጭብጨባው ለእሳቸው ይጨበጨብ ከነበረው በስንት ሰከንድ እንደሚያንስ ጽፈው ያስነብቡኛል። የመጨረሻው ቀን ላይ ሹክሹክታን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። «አትጻፊው ብለውኛል። ስላንተ ብለው ነው። ምን ላድርግ?»

ሹክሹክታ ጣቶቹን እያፍተለተለ አሰበ። «እኔ እንደምረሳ ሰው ሁሉ ያ... ያውቃል» አለ። «እሱ እንዲህ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። ጻፊው።»

ጻፍኩት። አዘጋጁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አነበበ፤ ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና መንበርከኩ ያለበትን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር አጋደመው።

«ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፤ ይሄ ግን ያለዝበዋል» አለኝ። «አለቀለት ካልን አለቀለት ነው። ሰው መጽሔት የሚገዛው ትልቅ ሰው ሲወድቅ ለማየት ነው።»

«አልወደቀም» አልኩ። «ተንበረከከ እንጂ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱ የሌለ ከመሰለዎት ስሜን አውጡትና ይታተም። እኔ ወደ ኮከቦቼ እመለሳለሁ።» ይህን ጽሑፍ እማዬም ታነባለች፤ ውሸት ከስሜ ስር ሆኖ እንድታየው አልፈለግሁም።

አዘጋጁ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋና «ርዕሱን ቀይሪው እንግዲህ» አለኝ።

መጽሔቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። አስሩ ቀን አልፎ ነበር። ድምፁ እንደ ሻካራ ሰሌዳ ይፋቃል፤ ንግግሩን ግን የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

«ሦስት ስሕተት አግኝቻለሁ» አሉኝ። ምስጋና የለም፣ ሰላምታም የለም። «አንደኛ፣ አራት ሺህ አይደለም፤ አምስት ሺህ ነው።»

«እሺ።»

«ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ግማሽ አልነበረም። ሙሉ ነበር።»

«እሺ።»

«ሦስተኛ፣ ጃኬቴን ጉልበቴ ስር አላደረግሁም። ጃኬቱ መሬት ላይ ነበር፤ ጉልበቴ ነው እላዩ ላይ ያረፈው። አንቺ ልጅ፣ አትንበርከኪ ብሎ የሚዘፍንን ሰው አንበርክከሽ አገር ለአገር አዞርሽው!»

ዘጉብኝ። ስምንት ዓመት ኩርፊያ ላይ ቆዩ።

ድምፃቸው እንደ ድሮው አልተመለሰም። አስሩን ቀን ዝም ቢሉም ሐኪሟ የፈራችው አልቀረም፤ የላይኛው ኖታ ጠፋ፣ የቀረው የታችኛው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሙዚቃውን ይተወው ነበር። እሳቸው ከመድረኩ ዳር አንዲት ወንበር ይዘው፣ አታሞ እየመቱ፣ ሹክሹክታ መሀል ቆሞ ሲዘፍን ስድስት ዓመት አብረውት ዞሩ። በእያንዳንዱ ኮንሰርት ላይ፣ ለሕዝቡ ደስ እንዲለው ብለው ቦታውን እንደለቀቁለት ይናገራሉ። ግጥሙን መጻፍ ግን አላቆሙም። ባንዱ ሲበተንም ሹክሹክታ ለብቻው ያወጣቸው ዘፈኖች ግጥም የማን እንደሆነ ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ደቃቅ በመሆኑ ለአሳታሚው ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል።

ባለፈው ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሹክሹክታ የሚጫወትበት አዳራሽ ሄድኩ። ክቡር ድምፃዊ ከፊት ረድፍ መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ሸሽቷል፣ ሆዳቸው ቀድሟል። ዙሪያቸውን አምስት ስድስት ወጣቶች ከበዋቸዋል፤ የሙዚቃ ጋዜጠኞች ናቸው። ሰውዬው እጃቸውን እያወናጨፉ ድምፁ ለምን እንደማይረባ፣ መብራቱ ለምን እንደተሳሳተ፣ ጊታሪስቱን ማን ሰው እንዳደረገው ያስረዳሉ። ልቤ በድሮ ንቀቱ ሞላ። በጎን በኩል ሹልክ ልል ስል አዩኝ።

«ነይ እስቲ!» ብለው በተረፈች ድምፃቸው ጮኹ። እጄን ይዘው ወደ ወጣቶቹ አዞሩኝ። «ይቺን ታውቋታላችሁ? ጋዜጠኛ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ ጋ ስትመጣ መጻፍ አትችልም ነበር፤ ደብተር አያያዝ እንኳ አታውቅም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት የሰው ውሸት በማረም ነው። ሚኒስትር አርሜያለሁ፣ ዳኛ አርሜያለሁ፣ ባሌንማ በየዕለቱ አርመዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። ከወጣቶቹ መሀል አንዲት ልጅ ብዕሯን አዘጋጅታ ወደ እኔ ዞረች።

«እውነት ነው እትዬ?» አለችኝ።

ክቡር ድምፃዊን አየኋቸው። አገጫቸው እንደ ወትሮው ወደ ላይ ተሰቅሏል። እጃቸው ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ይጠብቃል።

«እውነት ነው» አልኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ።